ከቅዳሜ በፊት አንድ ፓፍ

ተረት ልነግራችሁ ነው። ለአማርኛ ሁለትን ተጫኑ።

ጠብቁ። ተረታችሁ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው። ከፊታችሁ አሥራ ሰባት ሰው አለ። እስከዚያው ሙዚቃ።

እሺ፣ ተራችሁ ደረሰ።

ከዴንቨር ጎን፣ ኦሮራ በምትባል ከተማ፣ እትዬ ማንያህልሻል የሚባሉ ሴት ነበሩ። እልልታቸው የታወቀ ነው። እልል ሲሉ ጉሮሯቸው ውስጥ ጨሌ የሚንከባለል ይመስላል። አንድ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሰዓት ይዞባቸው ነበር፤ በአንድ ትንፋሽ ሃያ ሁለት ሴኮንድ። በዚያ ከተማ ሙሽሮች አዳራሽ ከመያዛቸው በፊት «እትዬ ያን ቅዳሜ ይመቻቸዋል?» ብለው ያስጠይቃሉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲዳር እልል አሉ።

አሁን የራሳቸው ልጅ ልትዳር ነው። ህሊና። አንዲት ልጃቸው። ከሐበሻ ሱቅ በነፃ የሚታደለው የቀን መቁጠሪያ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ ጥር አሥራ ሰባት በቀይ ተከቧል። ቅዳሜ።

ወረቀት ማንበብ፣ ፎርም መሙላት የህሊና ሥራ ነበር። «ሙሽራ ወረቀት አይነካም» አሉና ባለፈው መጸው የራሳቸውን ወረቀት ሁሉ በራሳቸው እጅ ያዙ። በዚህም ኮሩ። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

እትዬ አስም አለባቸው።

*

ሰኞ።

የታጠበ ልብስ ይዘው ሁለተኛ ፎቅ ሲወጡ ደረታቸው ሲጥጥ አለ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ፓፋቸውን አወጡ። ፓፍ ማለት አፍ ውስጥ አድርገው ሲጫኗት እፍ የምትል፣ አውራ ጣት የምታህል ሰማያዊ የአስም መድኃኒት ናት። ጀርባዋ ላይ ትንሽ መስኮት አላት፤ ስንት ጊዜ መሳብ እንደቀረ ትቆጥራለች። መስኮቷ «አምስት» ትላለች።

ሳቧት። «አራት» አለች።

«በአራት ትንፋሽ ልጅ አልድርም» አሉና ፋርማሲ ሄዱ።

የፋርማሲው ሰው ዴሪክ ይባላል። ራሰ በራ ነው፣ ደግ ነው፣ ሁልጊዜ ያዝናል።

«ፓፌ» አሉት።

«የለም» አላቸው።

«ያቻት እኮ! ከኋላህ! ሰማያዊዋ!»

ዞሮ አያት። «አዎ፣ አለች። ግን የለችም። ኢንሹራንስዎ እሺ ካላለ አልሰጥም።»

«ከኪሴ ብገዛትስ?»

ዴሪክ ዋጋዋን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አዞረላቸው። እትዬ አዩና ወረቀቱን መልሰው አዞሩለት። ሁለቱም አዘኑ።

ፋርማሲው ፓፉን አልሰጥም አለ፣ ደረታቸው ሲጥጥ አለ፣ መስኮቷ «አራት» አለች። ቅዳሜ ግን እየመጣች ነው።

*

ማክሰኞ።

የእትዬ እንግሊዝኛ ለመግዛትና ለመመረቅ ይበቃል፤ ለመከራከር አይበቃም። ኢንሹራንሱ ዘንድ ሲደውሉ አስተርጓሚ ጠየቁ። ሠላሳ አራት ደቂቃ ሙዚቃ ሰሙ። ሽንኩርት ከትፈው ጣዱ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ አስተርጓሚ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ነኝ። የሚባለውን ሁሉ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ እተረጉማለሁ።»

«ቁጥር? ስምሽ ማነው ልጄ?»

«ስሜን መናገር አይፈቀድልኝም፣ እናቴ።»

«እንዴ! እሺ የማን ልጅ ነሽ?»

አስተርጓሚዋ ይህንንም መስመሩ ላይ ላለችው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ ሮዛሊን ትባላለች። ሮዛሊንም፣ «ይህ ከሕመሟ ጋር ይያያዛል ወይ?» ብላ ጠየቀች። ይህም ተተረጎመ።

«በይ ተይው» አሉ እትዬ። «ፓፌን እንዲሰጠኝ ለፋርማሲው ለዴሪክ እሺ በሉልኝ።»

«ያቺ ፓፍ ከአዲስ ዓመት ወዲህ ከዝርዝራችን ወጥታለች» አለች ሮዛሊን።

«ከመስከረም?»

«ከጃንዋሪ፣ እናቴ» አለች አስተርጓሚዋ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«የሳንባ ሐኪም ‹ያለ እርሷ አይሆንላቸውም› ብሎ ይጻፍ። እሱ ካልጻፈ እሺ አልልም።»

ኢንሹራንሱ እሺ አልልም አለ፣ ፋርማሲው ፓፉን አልሰጥም አለ፣ ደረታቸው ሲጥጥ አለ፣ መስኮቷ «ሦስት» አለች።

ሽንኩርቱ አረረ።

ከሰዓት በኋላ በሁለት አውቶቡስ የሳንባ ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። ጸሐፊዋ ጥፍሯ ረጅም ነው፤ ኮምፒውተሩን ስትነካ ዝናብ ይመስላል።

«የቤተሰብ ሐኪምዎ ልኮዎታል?»

«ደረቴ ነው የላከኝ።»

«የቤተሰብ ሐኪምዎ ካልላከዎት ዶክተሩ አያይዎትም። ካላየዎት አይጽፍም።»

«ይስማኝ እንጂ! ማየት አያስፈልገውም፣ ከዚህ ይሰማዋል!»

እውነትም ይሰማ ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩ። ጸሐፊዋም ሰማች፤ ግን ለመስማት የሚሞላ ሳጥን ኮምፒውተሩ ላይ የለም።

የሳንባ ሐኪሙ አልጽፍም አለ፣ ኢንሹራንሱ እሺ አልልም አለ፣ ፋርማሲው ፓፉን አልሰጥም አለ፣ ደረታቸው ሲጥጥ አለ፣ መስኮቷ አሁንም «ሦስት» ናት። ለመመለሻው አውቶቡስ አላወጧትም፤ ቀስ ብለው ተራመዱ።

*

ረቡዕ።

የቤተሰብ ሐኪሙ ቤት ስድስት ዓመት የታከሙበት ነው። ነርሷ ገና በሩ ላይ አቅፋ ሳመቻቸው። ስለ ሠርጉ ጠየቀች። የልብሱን ቀለም ጠየቀች። የኢንሹራንስ ካርዱን ተቀበለች። ፊቷ ተለወጠ።

«ካርዱ ላይ ያለው ሐኪም እኛ አይደለንም።»

«እኔ እኮ ነኝ! አሁን የሳምሽኝ!»

«አውቃለሁ። ካርዱ ግን ዶክተር ሆልስትሮም ይላል። ከዚህ አራት ሰዓት መንገድ ነው።» ነርሷ ቀረብ አድርጋ አነበበች። «ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ነው።»

«ለዚህ ነዋ ከረሜላ ያስቀመጣችሁልኝ» አሉ እትዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሳህን ሁለት አንስተው። ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ ቶሎ አልቆመም፤ ነርሷ ውሃ አመጣች፣ ጀርባቸውን ደገፈች፤ ፓፏ ወጣች።

«ካርዱ ስማችንን ካልያዘ የትም ልልክዎት አልችልም» አለች ነርሷ፣ እጃቸውን እንደያዘች። እጅ መያዝ ይፈቀድላታል።

የቤተሰብ ሐኪሙ አልልክም አለ፣ የሳንባ ሐኪሙ አልጽፍም አለ፣ ኢንሹራንሱ እሺ አልልም አለ፣ ፋርማሲው ፓፉን አልሰጥም አለ፣ ደረታቸው ሲጥጥ አለ፣ መስኮቷ «ሁለት» አለች።

ቤት ገብተው ስልክ ደወሉ። አንድ ወንድ አስተርጓሚ መጣ፤ ዘጉበት። አንዲት ሌላ መጣች፤ ይቅርታ ጠይቀው ዘጉባት። ሦስተኛው ላይ አገኟት።

«አራት መቶ አሥራ ሁለት!»

«እናቴ!» አለችና ደንገጥ ብላ ድምጿን አስተካከለች። «አስተርጓሚ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ነኝ።»

«ካርዴ ላይ የማን ልጅ እንደሆነ የማላውቀው ሐኪም ተቀምጧል። ስሙን ቀይሩልኝ።»

ሮዛሊን ፈለገች፤ መተየቧ ይሰማ ነበር። «የዓመቱ ማደሻ ፎርምዎ የስቴቱ ኮምፒውተር ውስጥ አልገባም። ፎርሙ ካልገባ፣ ሐኪሙን የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ፎርሙ እስኪገባ ካርዱ ስም አይቀይርም።»

«ፎርሙን እኮ ልኬያለሁ! በራሴ እጅ ሞልቼ! በራሴ ቴምብር!»

ካርዱ ስም አልቀይርም አለ፣ የቤተሰብ ሐኪሙ አልልክም አለ፣ የሳንባ ሐኪሙ አልጽፍም አለ፣ ኢንሹራንሱ እሺ አልልም አለ፣ ፋርማሲው ፓፉን አልሰጥም አለ።

ማታ ህሊና ደወለች።

«እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ለቅዳሜ እያስቀመጥኩት ነው።»

ስልኩን ዘግተው መታጠቢያ ቤት ገቡ፣ ውሃውን ከፈቱ፣ ሰው እንዳይሰማ እልል ለማለት ሞከሩ። ሁለት ሴኮንድ። ከዚያ ሲጥጥ። መስተዋቱን በእጃቸው ሸፈኑት።

*

ሐሙስ።

የስቴቱ ቢሮ። ቁጥር መዘዙ፣ ተቀመጡ፣ ተጠሩ። መስኮቱ ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጸሐፊ አለ።

«ፎርምዎ ደርሷል» አላቸው።

«እልል!» አሉ፤ ግን በቃል ብቻ።

«ኮምፒውተሩ ግን አልቀበልም ብሏል።»

«ምን አደረግኩት?»

ጸሐፊው መነጽሩን አወረደ። «የተፈረመበት ቀን ልክ አይደለም ይላል።»

«ቀን ምን ልክ አለው? ቀን ቀን ነው! በዚያ ቀን ሞላሁ፣ ያንኑ ቀን ጻፍኩ።»

«እኔ ፎርሙን አላየውም። ወረቀቱ ያለው ሌላ ከተማ ነው። እኔ የማየው ቀይ ምልክት ብቻ ነው።» ስክሪኑን አዞረላቸው። እውነትም ቀይ ምልክት ብቻ ነበር። «አዲስ ፎርም ይሙሉ፤ በአርባ አምስት ቀን ይደርሳል።»

«ቅዳሜ ነው የምድረው!»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ ጸሐፊው፤ ከልቡ ነው።

ኮምፒውተሩ ፎርሙን አልቀበልም አለ፣ ካርዱ ስም አልቀይርም አለ፣ የቤተሰብ ሐኪሙ አልልክም አለ፣ የሳንባ ሐኪሙ አልጽፍም አለ፣ ኢንሹራንሱ እሺ አልልም አለ፣ ፋርማሲው ፓፉን አልሰጥም አለ፣ ደረታቸው ሲጥጥ አለ፣ መስኮቷ «አንድ» አለች።

በራቸው ሥር፣ አንደኛ ፎቅ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ከዚያ በላይ ግን ሽማግሌ ናቸው። በኦሮራ ተጣልቶ የታረቀ ባልና ሚስት ሁሉ በእሳቸው ሶፋ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ደረጃውን ሳይጀምሩ መወጣጫው ሥር ቆመው ሲያስቡ አገኟቸው።

«አንቺ ሴት፣ ከደረጃ ጋር ተኳርፈሻል?»

እትዬ ሁሉንም ነገሯቸው። ከፓፉ ጀምረው እስከ ኮምፒውተሩ፣ በየመሃሉ እያረፉ። ጋሽ ወንድይፍራው በጣታቸው ቆጠሩ፤ አንዱ እጅ አልበቃም።

«ይሄ በሽታ አይደለም» አሉ። «ጠብ ነው። እያንዳንዱ በየቤቱ ተቀምጦ ‹እሱ ካላለ፣ እሱ ካላለ› ይላል። አንድ ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ?»

«ማን ያስቀምጣቸዋል?»

«ሽማግሌ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ኮምፒውተር በሽማግሌ ይታረቃል?»

«አማትና ምራት አስታርቄያለሁ። ኮምፒውተር ያቅተኛል?»

*

ዓርብ።

ጠዋት ደረጃው ላይ የመጨረሻዋ ወጣች። መስኮቷ «ባዶ» አለች።

በሦስት ሰዓት ጋሽ ወንድይፍራው ሱፋቸው ላይ ነጠላ አጣፍተው ፋርማሲው ውስጥ ቆመዋል። እትዬን የደም ግፊት መለኪያው ጎን ካለው ወንበር ላይ አስቀመጡ። የዴሪክ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ስልክ ደረደሩ፤ ሦስቱም ድምፃቸው ለሁሉ እንዲሰማ ተከፍቷል። በእትዬ ስልክ ሮዛሊንና አስተርጓሚዋ አሉ። አራት መቶ አሥራ ሁለት እስክትገኝ አምስት ጊዜ ተደውሏል። ነርሷን ሮዛሊን ራሷ መስመሩ ውስጥ አስገባቻት። በዴሪክ ስልክ የሳንባ ሐኪሙ ጸሐፊ አለች። በጋሽ ወንድይፍራው ስልክ ባለመነጽሩ የስቴቱ ጸሐፊ፣ የኮምፒውተሩ ወኪል ሆኖ።

«በመጀመሪያ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ «ሥራችሁን ትታችሁ ለእርቅ ስለተቀመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።»

ተተረጎመ።

«ሁለተኛ፣ እርቅ ሳይወርድ ማንም አይነሳም። ስልክ የሚዘጋም የለም።»

«ይህ ጥሪ ለጥራት ሲባል ይቀዳል» አለች ሮዛሊን፣ ግራ ሲገባት የምትለው እሱን ነውና።

«ይቀዳ! ምስክር ነው። ዴሪክ፣ ከአንተ ልጀምር። ከዚህች ሴት ጋር ምን አጣላህ?»

«እኔ? ጠብ የለኝም» አለ ዴሪክ። ፓፏን ከመደርደሪያው አንስቶ እጁ ላይ ይዟታል። «ኢንሹራንሱ እሺ ይበል እንጂ አሁኑኑ እሰጣለሁ።»

«ኢንሹራንስ?»

«ጠብ የለንም» አለች ሮዛሊን። «የሳንባ ሐኪሙ ይጻፍ እንጂ እሺ እላለሁ።»

«የሳንባ ሐኪም?»

«የቤተሰብ ሐኪማቸው ይላካቸው እንጂ ዶክተሩ ይጽፋል» አለች ጸሐፊዋ።

«የቤተሰብ ሐኪም?»

«እኔማ እወዳቸዋለሁ!» አለች ነርሷ። «ካርዱ ስማችንን ይያዝ እንጂ እልካለሁ።»

«ፎርሙ ይግባ እንጂ ካርዱ ስም ይቀይራል» አለች ሮዛሊን።

«ቀኑ ይስተካከል እንጂ» አለ የስቴቱ ጸሐፊ፣ «ኮምፒውተሩ ፎርሙን ይቀበላል። እሱም ጠብ የለውም።»

ጋሽ ወንድይፍራው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዞሩና ወንበሩ ላይ ያሉትን እትዬን አዩ።

«አንቺስ?»

«እኔ? እኔ ከሳሽ ነኝ!»

«ከሳሽም ይጠየቃል። በሽምግልና ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚገባ የለም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ቀኑን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኛ! በገዛ እጄ! አሳምሬ!» እትዬ ቦርሳቸውን ከፈቱ። የፎርሙን ቅጂ በፕላስቲክ ከተው ይዘውት ይዞራሉ፤ በራሳቸው የሞሉት የመጀመሪያው ፎርም ነውና። «ይኸው!»

«አንብቢልን።»

መነጽር አደረጉ። «ወር፣ ሁለት። ቀን፣ ሠላሳ። ዓመት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

አስተርጓሚዋ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ተረጎመች።

«ፌብሩዋሪ… ሠላሳ?» አለ የስቴቱ ጸሐፊ።

«ከስምንት ዓመት በፊት?» አለች ሮዛሊን።

«ፌብሩዋሪ ሠላሳ የለውም» አለች ነርሷ፣ በቀስታ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር።

«ጥቅምት ግን አለው!» አሉ እትዬ። «ወር ሁሉ ሠላሳ ነው! የእናንተ ነው አንዴ ሠላሳ አንድ፣ አንዴ ሃያ ስምንት የሚል! ጥቅምት ሠላሳ ነበር፣ እዚያው ማቀዝቀዣው ላይ አይቼ ነው የጻፍ…»

ቆሙ።

ጋሽ ወንድይፍራው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሌላው ግን አልገባውም። አስተርጓሚዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አስተርጓሚዋ አሁን በራሷ ስም ትናገራለች» አለች በእንግሊዝኛ። «በእኛ አገር የቀን አቆጣጠር ነው። እናቴ የፈረሙት ኖቬምበር ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ ሃያ አራት ነው። ከሁለት ወር በፊት። ልክ ነው። ቀኑ ልክ ነበር።»

እትዬ ወረቀቱን አዩ። ያ ሁሉ ሰንሰለት፣ አራት ቀን ሙሉ በሁለት አውቶቡስ ሲያሳድዱት፣ ጫፉ የገዛ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር።

«ታዲያ ጥፋተኛዋ እኔው ነኛ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ፍርዱ እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው። «አንቺ ቀን ሳትሽ። እነሱ ደግሞ ሰው ሳቱ። ስድስት በር አንኳኳሽ፤ ወረቀትሽን አሳይኝ ያለ አንድ የለም። ጥፋቱ ለሁላችሁ ይካፈል። ካሣው ደግሞ አሁን፣ እዚሁ፣ ማንም ሳይነሳ ይከፈል። ጸሐፊ፣ ጻፍ።»

ጸሐፊው መነጽሩን አወረደና ጻፈ።

ቀኑ ሲስተካከል ቀዩ ምልክት ጠፋ፤ ቀዩ ምልክት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ፎርሙን ተቀበለ፤ ፎርሙ ሲገባ ካርዱ ስም ቀየረ፤ የሕፃናቱ ሐኪም ወደ ሕፃናቱ ተመለሰ፤ ካርዱ ስም ሲቀይር ነርሷ ላከች፤ ነርሷ ስትልክ የሳንባ ሐኪሙ ራሱ ስልኩን ተቀበለ። «ላያቸው ይገባኛል» አለ። ዴሪክ ስልኩን ወደ እትዬ ደረት አስጠጋ።

ሲጥጥ።

«ይበቃል» አለ ሐኪሙ። «ይህ ያለ ፓፍ እንዴት ዋለ?» ጻፈ። ሐኪሙ ሲጽፍ ኢንሹራንሱ እሺ አለ። ኢንሹራንሱ እሺ ሲል የዴሪክ ማሽን ትንሽ ደወል አሰማች። ዴሪክ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ከሥራ ቦታው ወጥቶ፣ ፓፏን በሁለት እጁ አቀበላቸው። በሁለት እጅ መስጠትን ማን እንዳስተማረው እንጃ።

እትዬ ሳቡ። ቆዩ። ደግመው ሳቡ። ደረታቸው ዝም አለ። አዲሷ መስኮት ሁለት መቶ ብላ ጀምራ ነበር፤ አሁን «መቶ ዘጠና ስምንት» ትላለች።

«ሳንመርቅ አንለያይም» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ስልካችሁ አይቋረጥ።»

ተተረጎመ።

«አሜን በሉ እንጂ!»

«አሜን» አሉ ሦስቱ ስልኮች።

«ኮምፒውተራችሁ አይተኛባችሁ።»

«አሜን!» የስቴቱ ጸሐፊ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ተሰማ።

«መጠበቂያ ሙዚቃችሁ ይጠር።»

«አሜን» አለች ሮዛሊን፣ እየሳቀች።

«ትንፋሿን እንደመለሳችሁላት እግዚአብሔር ትንፋሽ አያሳጥራችሁ።»

አሜን።

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ እትዬ ጎንበስ አሉ። «በይ እስቲ ሞክሪው።»

«እዚህ? ፋርማሲ ውስጥ?»

«ነገ አዳራሽ ውስጥ ከምትሞክሪው።»

እትዬ ተነሱ። የሳል ሽሮፕ መደርደሪያውን አንዴ አዩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወጣ። በመጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ ጨሌው መንከባለል ጀመረ፤ በጠርሙሶቹ መሃል፣ በደም ግፊት መለኪያው ላይ፣ በሦስቱ ስልኮች ውስጥ ተንከባለለ። ዴሪክ ግድግዳ ሰዓቱን አየ። አሥራ ሁለት። አሥራ ስድስት። ሃያ።

ቆመ።

«አስተርጓሚ?» አለች ሮዛሊን መጨረሻ ላይ። «ምን አሉ?»

አስተርጓሚ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት የሚባለውን ሁሉ ትተረጉማለች። አንድም አትጨምርም፣ አንድም አትቀንስም። ከዚያ ከየት እንደሆነ ከማይታወቅ ክፍል፣ ከማይታወቅ ከተማ፣

«እልልልልልልልልል!»

እትዬ ስልኩን አንስተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ጎሽ ልጄ» አሉ። «አሁን የማን ልጅ እንደሆንሽ አወቅሁ።»

*

ቅዳሜ። ጥር አሥራ ሰባት። ወይም የፈለጋችሁት።

ህሊና ነጭ ለብሳ አዳራሹ ውስጥ ገባች። ቪዲዮ ቀራጩ ሰዓት ይዞ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሃያ አራት ሴኮንድ። እናት ስትድር ሁለት ይጨመራል።

ከእራት በፊት የጋብቻው ወረቀት መጣ። ህሊና እናቷ ፊት አስቀምጣ ብዕር አቀበለቻቸው።

«ምስክር ነሽ፣ እማዬ። እዚህ ስም። እዚህ ፊርማ። እዚህ ቀን።»

እትዬ ስማቸውን ጻፉ። ፈረሙ። ብዕሩ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ከጠረጴዛው ማዶ ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

እትዬ ብዕሩን ለልጃቸው መለሱ።

«ቀኑን አንቺ ሙዪው» አሉ። «እኔ እልል ልበል።»

ተረቴን መልሱልኝ። ስትመልሱ ቀኑን ጻፉበት።